በኢንተርኔት ለተጠቃች ሴት የሚደርስ ማህበር፦ የስልጠና አሠራር መመሪያ

በኢንተርኔት በሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት የሚሰጡ ስልጠናዎች አብዛኛዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ባነር ይሰቀላል፤ የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል። "ቴክኖሎጂ ጥቅምም ጉዳትም አለው" የሚል ስላይድ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ "ፓስዎርዳችሁን አጠንክሩ፣ ፎቶ አትላኩ" ይባልና አበል ተፈርሞ ይበተናል። በሳምንቱ አንዲት ልጅ እያለቀሰች ማህበሩ ቢሮ ስትመጣ ግን ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው የለም።

"ተጠንቀቁ" የሚለው ምክር ለሴቶች አዲስ አይደለም፤ ሲጠነቀቁ ነው የኖሩት። የጎደለው የሚደርስላቸው ነው። ስለዚህ የዚህ ስልጠና ግብ አንድ ነው፤ ማህበሩ ጉዳይ መቀበል ይችል። መስማት፣ ማስረጃ መያዝ፣ የተለጠፈውን ከኢንተርኔት ማስነሳትና ጉዳዩን ወደሚመለከተው ማድረስ ይልመድ። የወረዳ ሴቶች ማህበርም ሆነ የዩኒቨርሲቲ የሴቶች ክበብ፣ የቁጠባና ብድር ማህበርም ሆነ የቤት ሠራተኞች ማህበር ይህን መሥራት ይችላል። ሁለት ቀን፣ ከዚያ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ግማሽ ቀን ክትትል ይበቃል።

ደረጃ 1፦ ከአዳራሹ በፊት

ሰልጣኝ ከ20 አይብለጥ። ከዚያ በላይ ሲሆን ስልክ በእጅ ይዞ መለማመድ አይቻልም፤ ንግግር ብቻ ይሆናል። ከየማህበሩ ሁለት ሰው ጥሩ። አንዷ ብቻ ከሰለጠነች ሥራ ስትለቅ እውቀቱ አብሯት ይወጣል። ከሁለቱ አንዷ በር ላይ የምትቀመጠዋ፣ ስልክ የምታነሳዋ ትሁን። እኛ አገር ለስልጠና የሚላኩት ሊቀመንበሯና ምክትሏ ናቸው፤ ባለጉዳይ መጀመሪያ የምታገኘው ግን ጸሐፊዋን ወይም ጽዳት ሠራተኛዋን ነው። "እሷማ ወጥታለች፣ ነገ ነይ" የምትለው እሷ ናት። ነገ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመጣም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ለየማህበሩ ደውሉና "ባለፈው ዓመት ምን ዓይነት ጉዳይ መጣላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ስም አትጠይቁ። መልሱ የልምምድ ጥያቄዎቻችሁን ይሰጣችኋል። ከሌላ አገር የመጣ ማኑዋል ላይ ያለ ምሳሌ ለዱራሜ ወይም ለወልዲያ ሰልጣኝ ብዙም አይነግራትም።

አሁን ብዙዎች የማያስቡት አንድ ነገር። የመገኛ ወረቀቱ ጉዳይ። ስም፣ ድርጅት፣ ስልክ ቁጥር፣ ፊርማ ያለበት ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ አዳራሹን ይዞራል። ማንም በስልኩ ፎቶ ሊያነሳው ይችላል። ስለ ስልክ ቁጥር ጥበቃ ልናወራ ተሰብስበን የ20 ሴቶችን ስልክ ቁጥር እናዞራለን ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ወረቀቱን አንድ ሰው ይያዝ፤ ሰልጣኟ ወደ እሷ ሄዳ ትፈርም። ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ስልክ ቁጥር ካልጠየቀ ዓምዱን አውጡት።

የቡድን ፎቶም እንደዚያው። በመጨረሻ ባነሩ ሥር ተደርድሮ የተነሳ ፎቶ ማታውን ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፤ ሰው ታግ ይደረጋል። ከሰልጣኞቹ መካከል ከባሏ ተደብቃ የመጣች፣ ወይም የቀድሞ እጮኛዋ የት እንዳለች እየፈለገ የሚያሳድዳት ልትኖር ትችላለች። በመጀመሪያው ሰዓት "ፎቶ መነሳት የማትፈልጉ እዚህ ጋ ተቀመጡ" በሉ። ለፌስቡክ ገጹ ባነሩን ብቻ አንሱ። ባነር አያፍርም።

የአዳራሹን ዋይፋይ አትመኑ፤ የዳታ ፓኬጅ ግዙላቸው። ሕፃን ይዘው ለሚመጡ እናቶች ልጅ የምትይዝ ሰው ቅጠሩ። ጊዜውን ስትመርጡ ደግሞ ህዳር 16 ከሚጀምረውና ታህሳስ 1 ከሚያበቃው የ16 ቀናት ዘመቻ አንድ ወር ቀድማችሁ አድርጉት። በዘመቻው ሰሞን ሁሉም ስብሰባ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ግን ማህበራት የሚሰደቡት ፖስት በሚያበዙበት በዚያው ሰሞን ስለሆነ ስልጠናው ቀድሞ ቢደርስ ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ጠዋቱን በትርጉም አታባክኑት

"ጾታዊ ጥቃት ማለት..." ብሎ መጀመር ሰው ያስተኛል። በምትኩ ከስልክ ጥሪዎቹ ያገኛችኋቸውን ጉዳዮች በካርድ ላይ ጻፉ። ለምሳሌ እነዚህን፦

በስሟና በፎቶዋ የተከፈተ ፌክ አካውንት ከዘመዶቿ ብር ይለምናል።

ስልክ ቁጥሯ ከፎቶዋ ጋር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ደውሉላት" ተብሎ ተለጥፏል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይደወልላታል።

የቀድሞ ፍቅረኛዋ "ካልተመለስሽ ለአባትሽ እልከዋለሁ" ይላታል።

ጥገና የሰጠችው ስልክ ውስጥ የነበሩ ፎቶዎች ወጥተዋል።

ፊቷ በኤአይ ከሌላ ሴት ሰውነት ጋር ተገጣጥሟል።

ቴሌቪዥን ላይ የታየች ጋዜጠኛ በብሔሯም በሴትነቷም አንድ ላይ ትሰደባለች።

ሰልጣኞቹ በቡድን ሆነው ካርዶቹን ከሁሉ አስቸኳይ እስከ ሊቆይ የሚችለው ይደርድሩ። ይጨቃጨቁ። ጭቅጭቁ ራሱ ስልጠና ነው፤ አንዷ "ስድብ ምን አለው፣ ብሎክ ማድረግ ነው" ስትል ሌላዋ ለምን እንዳልሆነ ትነግራታለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ግን አይሂድ።

የራሷን ጉዳይ በአደባባይ እንድትናገር ማንንም አትጋብዙ። ብዙ አሰልጣኞች "ተሞክሮ ያላችሁ አካፍሉን" ይላሉ። አዳራሽ ውስጥ የተነገረ ነገር ሻይ እረፍት ላይ ይዞራል፤ ከተማው ትንሽ ከሆነ ደግሞ ማታ ቤቷ ይደርሳል።

ደረጃ 3፦ ስልካችሁን አውጡ

በቴሌግራም ጀምሩ። በእኛ አገር ብዙው ነገር የሚሰራጨው እዚያ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ" የሚለውን ይክፈቱ። ስልክ ቁጥሬን ማን ያያል የሚለውን "ማንም" ላይ፣ በስልክ ቁጥሬ ማን ያገኘኛል የሚለውን "ኮንታክቶቼ" ላይ ያድርጉ። ግሩፕ ውስጥ ማን ያስገባኛል የሚለውንም "ኮንታክቶቼ"። ከዚያ "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" ያብሩ፤ ፓስዎርድ ሲያወጡ የመመለሻ ኢሜይል ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይቆማሉ፤ ኢሜይላቸውን የከፈተላቸው የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው፣ ፓስዎርዱም እሱ ጋ ነው። ይህን በአዳራሹ ውስጥ አስተካክሉት። ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ጊዜ ቢወስድም ይውሰድ።

ቀጥሎ "ዲቫይስስ" የሚለውን ይክፈቱ። አካውንቷ አሁን የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ እዚያ ተዘርዝረዋል። በዋትስአፕ "ሊንክድ ዲቫይስስ" ይባላል። በየስልጠናው ማለት ይቻላል አንዷ የማታውቀው ስልክ ታገኛለች። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ብዙ ጊዜ ባል ወይም ወንድም ነው፤ ስልኳን ለአንድ ደቂቃ ወስዶ ኮዱን ስካን አድርጎ መልሶላታል።

አሁን ተጠንቀቁ። አሰልጣኟ "ቶሎ አስወጪው" ማለት ያምራታል። ግን ያስወጣችው ዕለት እሱም ያውቃል። ከሚመታት ሰው ጋር የምትኖር ከሆነ ማታ ቤት ስትገባ ይጠብቃታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፤ መጀመሪያ ስክሪንሾት፣ ከዚያ ብቻዋን ወስዶ ማነጋገር፣ ከዚያ ማታ የት እንደምታድር ማሰብ፣ በመጨረሻ ማስወጣት። እስከዚያው አስፈላጊ ወሬ በዚያ ስልክ አይወራ።

ለዋትስአፕ ባለ 6 አኃዝ ፒን ያውጡ። ለፌስቡክ የጓደኞች ዝርዝራቸውን ይደብቁ፣ ፕሮፋይላቸውን ይቆልፉ፣ ታግ ሲደረጉ መጀመሪያ እነሱ እንዲያጸድቁ ያድርጉ። የጓደኞች ዝርዝር መደበቅ ቀላል ነገር ይመስላል። አስፈራሪው ግን መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ዝርዝር ስክሪንሾት አንስቶ "ለእነዚህ ሁሉ እልካለሁ" ማለት ነው።

በመጨረሻም አካውንት ሲከፈት በጽሑፍ መልእክት የሚመጣው የማረጋገጫ ኮድ። "በስህተት አንቺ ጋ የተላከ ኮድ አለ፣ ላኪልኝ" የሚለው መልእክት ከእህቷ አካውንት ቢመጣ እንኳ አትላክ። መጀመሪያ ትደውል።

ደረጃ 4፦ ጉዳይ መቀበል

ከሁለቱ ቀናት ረጅሙን ሰዓት ለዚህ ስጡ። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጡ። አንዷ ባለጉዳይ፣ አንዷ ተቀባይ፤ ሌሎቹ ይመልከቱ።

መጀመሪያ ሲሞክሩት እንዲህ ይሆናል፦

"እትዬ፣ አንድ ልጅ ፎቶዬን እለቀዋለሁ እያለኝ ነው።"

"ውይ ልጄ! ምን ዓይነት ፎቶ? ለምንስ ላክሽለት?"

እዚያው አቁሙት። ባለጉዳይ የሆነችውን ጠይቋት፤ ምን ተሰማሽ? አብዛኛውን ጊዜ "ተነስቼ መሄድ አማረኝ" ነው መልሱ። "ለምን ላክሽ" የሚለው ጥያቄ ከክፋት አይመጣም፤ ከድንጋጤ ነው። ቢሆንም በዚህ ወንበር ላይ የተከለከለ ይሁን። ምን ዓይነት ፎቶ እንደሆነም ማየት አያስፈልግም።

እንደገና ይሞክሩ፦

"እንኳን መጣሽ። የመጀመሪያዋ አይደለሽም፤ አብረን እናየዋለን። አሁን ያለሽበት ቦታ ያሰጋሻል?"

ከዚያ የሚጠየቁት ጥቂት ናቸው። ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ? ቀን ቆርጦልሻል? ብር ጠይቋል? ሌላ ማን ያውቃል? ስልክሽን ወይም ፓስዎርድሽን የሚያውቅ አለ? እና ከሁሉም በላይ፣ አንቺ ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ? አንዷ ይከሰስልኝ ትላለች፤ ሌላዋ እንዲጠፋልኝ ብቻ ነው የምፈልገው ትላለች። ማህበሩ ክስ ስለሚወድ ብቻ ክስ አይመሥረት።

ባለጉዳይዋ በዕድሜ የምትበልጥ ከሆነች "እርስዎ" ይባል። ታናሽ ብትሆንም "ልጄ" እያሉ መቆጣት አይሠራም። ልትሏት የሚገባችሁን ሳይሆን እሷ የምትሰማውን ቃል ፈልጉ፤ ሰልጣኞቹ በየአካባቢያቸው ልማድ ይለማመዱት።

ብር ለጠየቀ አስፈራሪ አይከፈልም። የከፈለች ሴት እንደምትከፍል ስለታወቀ ሌላ ይጠየቃል። ይህን ግን "አትክፈይ" ብሎ በደረቁ መናገር አይበቃም። አለመክፈሏ ምን ሊያመጣ እንደሚችል አብሮ ማሰብ ይጠይቃል። ከቤተሰብ መካከል ቀድማ የምትነግረው አንድ የምታምነው ሰው ካለ የአስፈራሪው ጉልበት እዚያው ይቀንሳል። ማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት፤ አክስት ልትሆን ትችላለች፣ የንስሐ አባትም ሊሆኑ ይችላሉ።

ከሪያድ፣ ከዱባይ ወይም ከቤይሩት የሚደውሉ እህቶች ጉዳይ ይለያል። መኖሪያ ፈቃዷ ካለቀ ወይም ከአሠሪዋ ቤት ከጠፋች እዚያ ፖሊስ ጋ መሄድ ራሱ ሌላ አደጋ ነው። "ለፖሊስ አመልክቺ" ብላችሁ ስልክ አትዝጉ። አስፈራሪው አገር ቤት ካለ እዚህ ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ ውጭ ማስረጃ መያዝና የተለጠፈውን ከመድረኮቹ (ከፌስቡክ፣ ከቴሌግራምና ከመሳሰሉት) ማስነሳት ላይ አተኩሩ።

ደረጃ 5፦ ማስረጃ ሳይጠፋ

ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ብሎክ ማድረግና መሰረዝ ነው። ማስረጃው የሚጠፋውም በዚያ ነው። በቴሌግራም የግል ወሬ ላይ ደግሞ ሌላው ወገን የላከውን በፈለገው ጊዜ ከሁለቱም ስልክ ላይ መሰረዝ ይችላል፤ ወሬውን በሙሉ ጨምሮ። ስለዚህ ሰልጣኞቹ አንድ ሕግ በቃላቸው ይያዙ፦ መጀመሪያ ያዝ፣ ቀጥሎ ሪፖርት፣ መጨረሻ ብሎክ።

ስክሪንሾቱ ሙሉ ይሁን፤ ሰዓቱ፣ የላኪው ስም፣ ከፊትና ከኋላ ያለው ወሬ ይታይ። ከዚያ የላኪውን ፕሮፋይል ከፍቶ የተጠቃሚ ስሙን ማንሳት ያስፈልጋል። "ያልታወቀው ልጅ" የሚለው ማሳያ ስም ነገ ሊቀየር ይችላል፤ በአት ምልክት (@) የሚጀምረው የተጠቃሚ ስምና የአካውንቱ ሊንክ ይሻላሉ። የማስፈራሪያ ጽሑፎችን ወደ "ሴቭድ ሜሴጅስ" ፎርዋርድ ማድረግም ይረዳል፤ እሱ የራሱን ቢሰርዝ ያ ኮፒ ይቀራል። ስክሪንሾት የሚከለክል ቻናል ወይም ሲክሬት ቻት ከሆነ በሌላ ስልክ ካሜራ ይነሳ።

ከዚያ መዝገብ። ተራ ደብተር ይበቃል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የት፣ ማን፣ ምን፣ የስክሪንሾቱ ቁጥር። እዚህ ላይ የእኛ አገር ጣጣ አለ። ስልኩ "ኖቬምበር 12፣ 21፡40" ይላል። እሷ "ህዳር 3 ማታ ሦስት ሰዓት ከአርባ" ትላለች። ማመልከቻው ላይ አንዱ፣ ስክሪንሾቱ ላይ ሌላው ሲሆን ቃሏና ማስረጃዋ የተጋጨ ይመስላል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። ይህ በልምምድ ላይ ከሁሉ በላይ የሚሳሳቱበት ነው፤ ሦስት አራት ምሳሌ ስጧቸው።

የእርቃን ምስል ካለበት ማህበሩ ኮፒ አይያዝ። ሊንኩን፣ የላኪውን ስም፣ ከሥሩ የተጻፈውን ያዙ፤ ምስሉን በወረቀት ሸፍናችሁ በሌላ ስልክ አንሱት። ልጅቷ ከ18 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ ምስሉን ማስቀመጥም ሆነ ለባልደረባ መላክ ፈጽሞ አይደረግም፤ ለማስረጃ ቢሆንም። ሊንኩ ተመዝግቦ ቀጥታ ወደ ፖሊስ ይኬዳል። የባለጉዳይ ፋይል በሠራተኛዋ የግል ስልክ ጋለሪ ውስጥ ከልደት ፎቶ ጋር መቀመጥም የለበትም። የተቆለፈ ፍላሽና የተቆለፈ መሳቢያ ይኑራችሁ። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስላለ የሰው መረጃ አያያዝ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕግ ግዴታም ነው።

ደረጃ 6፦ ከመድረኮቹ ማስነሳት

አንድ ተረት አለ። "100 ሰው ሪፖርት ካደረገው ይዘጋል" ይባላል። ፌስቡክ የሪፖርቱ ብዛት ውሳኔውን እንደማይቀይር ራሱ ይናገራል። ከዚያ የባሰው ደግሞ "ይህን ፌክ አካውንት ሪፖርት አድርጉልኝ" ብሎ ሊንኩን መለጠፍ ነው፤ ያላየው ሰው ሁሉ ገብቶ ያያል። የሚጠቅመው ትክክለኛውን ምክንያት መምረጥ ነው። በስሟ የተከፈተ አካውንት "ሌላ ሰው መስሎ መቅረብ" በሚለው ሪፖርት ይደረግ፤ "አልወደድኩትም" ወይም "ስፓም" በሚለው ከሆነ ወዲያ ነው የሚጣለው። ያለ ፈቃድ የወጣ የእርቃን ምስል የራሱ ምርጫ አለው። ሪፖርቱን በስልካቸው እስከ መጨረሻው ሳጥን ድረስ ወስዳችሁ አሳዩአቸው፤ "ላክ" ከሚለው በፊት ተመለሱ።

ሁለት መሣሪያዎችን ሁሉም ሰልጣኝ ማወቅ አለበት። "ስቶፕ ኤንሲአይአይ" በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ የተጀመረ፣ ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ የሚሠራ ነጻ አገልግሎት ነው። ምስሉ ከስልኳ አይወጣም። ስልኳ ላይ ከምስሉ የቁጥር አሻራ ይሠራና አሻራው ብቻ ለተባባሪ ኩባንያዎች ይላካል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ከእነሱ መካከል ናቸው። ያ ምስል ሲለጠፍ አሻራው ስለሚገጥም ይያዛል። ገና ሳይለቀቅ፣ ማስፈራሪያው ላይ እያለ መጠቀም መቻሉ ነው ትልቁ ጥቅሙ። የሚሰጣትን የጉዳይ ቁጥርና ፒን ጽፋ ትያዝ። ለታዳጊዎች ደግሞ "ቴይክ ኢት ዳውን" የሚባለው አለ፤ አሠራሩ ይመሳሰላል። ሁለቱም ግን ተባባሪ ባልሆነ መድረክ ላይ አይሠሩም፤ ምስሉ ተቆርጦ ወይም ተቀይሮ ከመጣም ላይዙት ይችላሉ። ይህን ሳትደብቁ ንገሯት። የውሸት ተስፋ በኋላ ይጎዳል።

ማህበሩ ራሱ ከተጠለፈ ወይም ሠራተኞቹ ከተጠቁ "አክሰስ ናው" የተባለው ድርጅት ለሲቪል ማኅበረሰብ ቀንና ሌሊት የሚሠራ የዲጂታል ደህንነት እርዳታ አለው።

ደረጃ 7፦ ሕጉና ጣቢያው

ጠበቃ ጋብዙ፣ ግን 45 ደቂቃ ብቻ ስጡት። አንቀጽ በአንቀጽ ካነበበ ሰዉ ሻይ ይናፍቃል። ማወቅ ያለባቸው ይህ ነው።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኮምፒውተር ሰውን ወይም ቤተሰቡን ማስፈራራትን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እየደጋገሙ መልእክት በመላክ ወይም ግንኙነቷን በመከታተል ፍርሃትና ጭንቀት መፍጠር ደግሞ ከዚያ ይከብዳል፤ እስከ 5 ዓመት ቀላል፣ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ። ስም ማጥፋት በዚያው አንቀጽ ውስጥ ነው፤ ግን በግል አቤቱታ የሚንቀሳቀስ ነው። እሷ ራሷ ካላመለከተች አይጀመርም፤ በወንጀል ሕጉ መሠረት ደግሞ እንዲህ ያለ አቤቱታ ካወቀችበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። "እስኪበርድ እንጠብቅ" የሚል ሽማግሌ ሲመጣ ይህን አስታውሱ። አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን እንዲያቆዩ የሚገደዱትም ለ1 ዓመት ነው።

የጥላቻ ንግግር አዋጁ ቁጥር 1185/2012 በጾታ ላይ የተመሠረተ የጥላቻ ንግግርንም ይጨምራል፤ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችም ጥቆማ ከደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። በተግባር ይህን ሰዓት ይዞ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ወደ ፖሊስ ሲኬድ ብቻዋን አትሂድ። የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ያለበትን ጣቢያ ምረጡ። አንድ ገጽ ማመልከቻ፣ የታተመ ስክሪንሾት፣ ያው በፍላሽ፣ የደብተሩ ኮፒ። መርማሪው "ይሄ የፌስቡክ ጉዳይ ነው፣ ምን እናድርግልሽ" ቢል አብራት ያለችው ሴት አንቀጽ 13ን በእጇ ይዛ ትቀመጥ። ሳትከራከር ትሰጠው። ብዙ ጊዜ እምቢታው የሚመጣው ካለማወቅ ነው። የመዝገብ ቁጥር ሳትይዙ አትውጡ።

ነጻ የሕግ ምክር ለማግኘት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበርን፣ መጠለያ ለሚያስፈልጋት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበርን በዝርዝራችሁ ላይ አስገቡ። በዝርዝሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ከማተማችሁ በፊት ደውላችሁ ሞክሩ። የማይሠራ ቁጥር የያዘ ብሮሹር ካለመኖሩ አይሻልም።

ደረጃ 8፦ የራሳችሁን ገጽ ማጽዳት

ሴትን ከስድብ እንጠብቃለን የሚል ማህበር የራሱ ገጽ ኮመንት ሥር ሴቶች ሲሰደቡ ከዋሉ ማን ያምነዋል? ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ የማይፈለጉ ቃላትን አስገብቶ ኮመንት የመደበቅ አማራጭ አላቸው። በእንግሊዝኛ ስድብ ላይ እንደ ነገሩ ይሠራል። በአማርኛ ግን ዝርዝሩን ራሳችሁ ካልሠራችሁ ብዙም አይይዝም።

ለጨዋታ "አህያ"ን እንውሰድ። ተሳዳቢው አሕያ፣ አኅያ፣ ዐህያ ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ለአንባቢ ያው ነው፣ ለማሽኑ ግን አራት የተለያየ ቃል። አ.ህ.ያ ብሎ ነጥብ ሊያስገባ ይችላል። በላቲን ፊደልም ይጻፋል። ከዚያ የአማርኛ ነገር፤ አህያዋ፣ የአህያ፣ አህዮች፣ እንደአህያ። ስለዚህ በአዳራሹ ውስጥ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ስድቦቹን ይጻፉ፤ ያፍራሉ፣ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይጽፋሉ። በቀጣዩ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን በሀ እና ሐ፣ በሰ እና ሠ፣ በአ እና ዐ፣ በጸ እና ፀ እያገላበጡ ያባዙ። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎች የሚናገሩ ሰልጣኞች የራሳቸውን ይጨምሩ። ብሔርንና ሴትነትን አንድ ላይ የሚሰድቡ ቃላት ለብቻቸው ይመዝገቡ፤ በግጭት ሰሞን የሚበዙት እነሱ ናቸው።

ማጣሪያው የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ። አንዲት ሴት "እንዲህ ብሎ ሰደበኝ" ብላ ስትጽፍ የእሷም ይደበቃል። በሳምንት አንድ ቀን የተደበቁትን የምታይ ሰው ትመደብ። ያቺ ሰው ሁልጊዜ አንድ አትሁን፤ ቀኑን ሙሉ ስድብ ማንበብ ማታ እንቅልፍ ይነሳል። በየሳምንቱ ተራ ይቀያየሩ፤ ጉዳይ መቀበያውን ስልክም ሌሊት አጥፉት፣ ጠዋት የሚከፈትበት ሰዓት ገጻችሁ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ደረጃ 9፦ ከበተናችሁ በኋላ

ከወር ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ። "ስልጠናው እንዴት ነበር?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ግሩም ነበር ነው የሚሉት። ደብተሩን አውጡ በሉ። ስንት ጉዳይ ገባ? የትኛው ላይ ተጣበቃችሁ? ደብተሩ ባዶ ከሆነ ጥቃት ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ሴቶቹ ማህበሩ ይህን እንደሚሠራ አላወቁም፣ ወይም አላመኑም። በዚህ ጊዜ ለዕድር፣ ለሴት ተማሪዎች ክበብ፣ ለፀጉር ቤቶች ወሬውን አድርሱ። ፀጉር ቤት የምለው ለቀልድ አይደለም፤ ባለጉዳይ ከየት እንደሰማች ጠይቋትና ታዩታላችሁ።

ሪፖርት ስትጽፉ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት "የስኬት ታሪክ" ይጠይቃል። "በእንትን ከተማ የምትኖር የ22 ዓመት የባንክ ሠራተኛ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ስሟን አልጻፋችሁም እንጂ ከተማው ሁሉ አውቋታል። ከተማውን፣ ሥራዋን፣ ዕድሜዋን አውጡ። ታሪኩ ደብዛዛ ሆነ ካሏችሁ ከታሪክ ይልቅ አሠራራችሁን ጻፉላቸው፤ ስንት ጉዳይ ተቀበላችሁ፣ ስንቱ ተነሳ፣ ስንቱ ጣቢያ ደረሰ። ረቂቁንም ከመላካችሁ በፊት ለባለጉዳይዋ አንብቡላት። አይላክ ካለች አይላክም።